በመስኮት ደፍ ላይ የቆመችው ሼቭሮሌ

እንቅልፉ አልመጣም፣ አይመጣምም። ሰው አሥሩንም ጣቱን ቫዝሊን ለቅልቆ፣ በላዩ የጥጥ ጓንት አጥልቆ፣ ሁለት እጁን ደረቱ ላይ አጋድሞ እንዴት ብሎ ይተኛል፣ በዚያ ላይ ቀን ነው፣ መጋረጃው የቱንም ያህል ቢወፍር በጠርዙ በኩል ብርሃን ሾልኮ ይገባል፣ ከላይኛው ፎቅ ወንበር ይጎተታል፣ ሌሊቱን ሙሉ መጋዘን ውስጥ ካርቶን ሲደረድር ያደረ ሰው ግን የሚተኛው በዚህ ሰዓት ነው፣ ወይም ይተኛል ተብሎ ይታሰባል። የአሻራ ቀጠሮው ዘጠኝ ሰዓት ላይ ነው። ደብዳቤው አሥራ አምስት ሰዓት ነው የሚለው፣ ከአሥራ አምስት ላይ ስድስት ሲነሳ ዘጠኝ፣ እንደገና ቀነሰው፣ ዘጠኝ፣ ስምንት ዓመት እዚህ አገር ኖሮ አሁንም ሰዓት በቀየረ ቁጥር ልቡ ድንግጥ ይላል፣ በመጀመሪያው ዓመት ደብዳቤ ላይ ዘጠኝ የሚለውን እንዳለ የኛ ዘጠኝ አድርጎ ወስዶ ለጠዋት ቀጠሮ ከሰዓት በኋላ ዘንጦ የደረሰ ሰው ነውና። ያኔ ቢሮው ተዘግቶ ጠበቀው። ዛሬ እንዲያ ቢሆን ግን ምን እንደሚደረግ አያውቅም፣ ሦስተኛ ዕድል አለ ያለውም የለም።

የዛሬ ሁለት ሳምንቱን የመጀመሪያ ቀጠሮ ያስታውሰዋል፣ ኧረ ያየዋል፣ አሁን ጣሪያው ላይ ያየዋል። የኢሚግሬሽን ቢሮው አራተኛ መስኮት ላይ ያለችው ሴትዮ መነጽሯን ግንባሯ ላይ ሰቅላ ቀኝ አውራ ጣትህን መስታወቱ ላይ አድርግ ትለዋለች፣ ያደርጋል፣ ማሽኑ ቀይ ይበራል፣ ጥረግና እንደገና ትለዋለች፣ ይጠርጋል፣ ቀይ፣ ሌባ ጣት፣ ቀይ፣ ሌባ ጣቱ ላይ ቀይ ሲበራ እንኳ የሚያፍር ሰው ነው፣ እዚያ ቆሞ በጣቱ ስም አፈረ። በኋላ ሴትዮዋ ራሷ ተነስታ ጣቱን ይዛ ገልበጥ አድርጋ አየችው። ሙልጭ ያለ ነው፣ መስመር የለው፣ ምን የለው። ጣቶችህን ምን አደረግሃቸው አለችው። ምንም አላት። ቀጥሎ ደግሞ ሥራ ነው አለ፣ እሷም ማኅደሩን አገላብጣ የመጋዘን ሠራተኛ የሚለውን አንብባ ካርቶን እንዲህ ያደርጋል ወይ ብላ ጠየቀችው፣ እሱም እጁን ሰበሰበ፣ እሷም አንድ ነገር ጻፈች። ምን እንደጻፈች አላየም። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም፣ ያቺ አንድ መስመር ጽሑፍ ሁለት ሳምንት ሙሉ ሆዱ ውስጥ ተቀምጣለች። ሲወጣ አንድ ቅጠል ወረቀት ሰጠችው፤ ለሁለት ሳምንት ቅባት ይቀባ፣ ጓንት ያድርግ፣ ሻካራ ነገር አይንካ፣ በሁለተኛው ጊዜ ማሽኑ ካላነበበ ጉዳዩ ወደ ሌላ ክፍል ይመራል ይላል። ሌላ ክፍል ማለት ምን ማለት እንደሆነ ወረቀቱ አይልም።

ወረቀቱ ያላለውን መጋዘን አብሮት የሚሠራው ያገሩ ልጅ ነገረው። ይህ ሰው ስሙን ሁሉም ረስቶት ሁሉን አዋቂ ነው የሚባለው፣ ስለ ደም ግፊትም፣ ስለ ግብርም፣ ስለ ፍርድ ቤትም አፉ እንዳመጣ ያወራል። አሻራቸውን ሆን ብለው የሚያጠፉ አሉ አለው፣ በአሲድ፣ በጋለ ብረት፣ ሌላ አገር ቀድመው የሰጡት አሻራ እንዳይገኝባቸው፣ እነሱን ነው ወደ ሌላ ክፍል የሚመሯቸው፣ ከዚያ ወዲያ የያዙትን የመኖሪያ ካርድ እንኳ ይነጠቃሉ፣ አንተ ደግሞ ምን ነካህ። ምንም አልነካኝም አለ። ለዚህም ምንም፣ ለዚያችም ምንም፣ እውነቱን ቢናገር ደግሞ ማን ያምነዋል፣ እኔ አሻራዬን ያጠፋሁት መጫወቻ መኪና ሳለሰልስ ነው ብሎ አራተኛው መስኮት ላይ የሚናገር ጎልማሳ የትኛው አገር ነው የሚታመነው።

እውነቱ ግን ይኸው ነው። መኪናዎቹ ፕላስቲክ ናቸው፣ ስንዝር የሚያህሉ፣ የድሮ የአሜሪካ መኪናዎች፣ ፎርዱ፣ ቡይኩ፣ ካዲላኩ፣ ተበታትነው በካርቶን ይመጣሉ፣ እውነተኛዋ መኪና በሃያ አምስት ተካፍላ ማለት ነው። መጣበቅ ቀላል ነው። ጣጣው ቀለሙ ነው። ክፍተቱ በስቱኮ ይደፈናል፣ በብርጭቆ ወረቀት ይላጋል፣ የመጀመሪያው ስስ ቀለም ይነፋል፣ ደርቆ ይላጋል፣ ዋናው ቀለም ስድስት ሰባት እጅ ይቀባል፣ በያንዳንዱ እጅ መሃል ከሁሉ ደቃቁ ብርጭቆ ወረቀት ውኃ ውስጥ ተነክሮ በጣት ጫፍ ብቻ፣ በጣም በቀስታ ይታሻል፣ ምክንያቱም የነዚያ መኪናዎች ጎን ቀጥ ያለ ቦታ የለውም፣ ጎብጦ ገብቶ ጎብጦ ይወጣል፣ እንጨት ላይ ጠቅልለው ቢያሹት ጠርዙን ይበላዋል። ለስልሶ እንደሆነም የሚታወቀው በጣት ነው። ዓይን ይሸነገላል፣ ጣት አይሸነገልም፣ ይላሉ አባቱ። አባቱ አርባ ዓመት የመኪና ቀለም ቀቢ ነበሩ፣ መሐረብ አፍንጫቸው ላይ አስረው ሲነፉ የኖሩ፣ ዓይናቸውን ጨፍነው አራት ጣታቸውን ጎማውን በሚሸፍነው ፓራፋንጎ ላይ አንሸራተው እዚህ ጋ ትቀራለች የሚሉ። ልጅየው እንዲሁ አደረገ። ስድስት ዓመት እንዲሁ አደረገ፣ አሻራውም አሥራ አንድ መኪና ላይ ተበትኖ ቀረ።

የነገሩ መነሻ አንዲት ሼቭሮሌ ናት። እዚህ በመጣ በመጀመሪያዎቹ ሁለት ዓመታት ቤት የሚደውለው በዓመት ሁለቴ ነበር፣ ምን ብሎ ይደውላል፣ ካርቶን አነሳሁ፣ ካርቶን አስቀመጥኩ ብሎ ነው፣ ደህና ናችሁ፣ ደህና ነኝ፣ ከዚያ መስመሩ ላይ ዝምታው ሲረዝም ሒሳቤ ሊያልቅ ነው ይላል። አንድ ቀን ከሕንጻው ሥር ቆሻሻ ሊጥል ሲወርድ ሰው ጀምሮ የጣለው ካርቶን አገኘ፣ ክዳኑ ላይ በፈረንጆቹ የሃምሳ ዘጠኟ ባለ ክንፏ ሼቭሮሌ ተስላበታለች፣ ልክ ያቺ አባቱ አራት ወር ሙሉ የደከሙባት የአንድ ነጋዴ መኪና፣ ሰማያዊ ገላ፣ ነጭ ጣሪያ። ወደ ላይ ይዟት ወጣ። ጨረሳት። ቀባት። የመስኮቱ ደፍ ላይ አቆማትና ስልኩን ከጎማዋ ጋር አስተካክሎ ፎቶ አነሳት፣ ከመስታወቱ ወዲያ መንገዱና የቆሙት መኪናዎች ስለሚታዩ መንገድ ላይ የቆመች ትመስላለች፣ ለእህቱ ላከላት፣ አንድ ቃል አልጻፈበትም። ለክፋት አልነበረም፣ ፈጣሪ ያውቃል፣ አባባ ይቺን ያስታውሷታል ወይ ለማለት ነበር። በማግሥቱ የእህቱ መልስ መጣ፤ አባባ ስልኩን ከእጁ አላወጣ ብሎ ዋለ፣ ጓደኞቹን ጠርቶ አሳያቸው፣ እጅህ ይባረክ ብሎሃል፣ የማን ናት ይላል። መጫወቻ ናት ብሎ ጻፈ፣ አጠፋው። እንደገና ጻፈ፣ አጠፋው። ከዚያ የደንበኛ ናት ብሎ ላከ። ካፍ ከወጣ አፋፍ።

ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል የሚባለው ለደግ ነገር ብቻ ነው ያለው ማነው፣ ውሸትም በእግሩ ይሄዳል። ደንበኛ ካለ ጋራዥ አለ፣ ጋራዥ ካለ ባለቤት አለ፣ ባለቤቱ ማነው ሲባል እኔና አንድ ሰው ነን አለ፣ በሦስተኛው ዓመት ሰውየው ጡረታ ወጣ፣ ጋራዡ የሱ ሆነ። አባቱ በየእሑዱ ይጠብቁታል። ቲነሩን ስንት በስንት አደረግከው፣ ብርድ ነው ዛሬ፣ ቶሎ አይደርቅልህም፣ ነፊውን አታስጠጋው፣ ቀለሙ ይወርድና ያለቅሳል፣ ነጩን መጀመሪያ ቅባው፣ ሰማያዊውን በኋላ፣ ወረቀት ፕላስተሩን ቀለሙ ሳይደርቅ ላጠው። እሱም የሚሉትን አንድ በአንድ ይሠራል፣ ምክራቸው እውነት ነው፣ ሥራው እውነት ነው፣ ውሸቱ መጠኑ ላይ ብቻ ነው፣ ሃያ አምስት እጅ ብቻ፣ እያለ ራሱን ያታልላል።

አሁን አባቱ ሳንባቸው አልቋል። የዚያ ሁሉ ዓመት ቀለም ነው። ከሁለት ወር በፊት እህቱ ከአባታቸው ሸሸት ብላ ደውላ፣ የሆስፒታል ኮሪደር ላይ ቆማ መሆን አለበት ድምጿ ያስተጋባል፣ ሐኪሙ ከዓመት በላይ አልሰጠውም፣ ከዚያም በጣም ሊያንስ ይችላል፣ ልታየው ከፈለግህ አሁን ነው አለችው። ለመሄድ ካርዱ ያስፈልጋል፣ ያለ ካርዱ የወጣ አይመለስም፣ ካርዱን ለማግኘት አሻራው ያስፈልጋል። ነገሩ ይህን ያህል ቀላል ነው፣ ጣት፣ ካርድ፣ አባት። ሁለት ሳምንት ብርጭቆ ወረቀት አለመንካት ማንን ያቅታል፣ ሕፃን አያቅተውም። ሐሙስ ዕለት ነካ።

ሐሙስ ዕለት፣ ቀጠሮው አምስት ቀን ሲቀረው፣ ከሥራ ገብቶ ጓንቱን አወለቀ፣ ሳህን ውስጥ ውኃ ቀዳ፣ የጀመራትን የፎርድ ኮፈን አንስቶ ላጋት፣ አንድ ሰዓት ሙሉ፣ እያወቀ፣ ጣቱ መስመር ማውጣት እንደጀመረ በመስኮቱ ብርሃን ካየ በኋላ። ለምን። ትንሽ ብቻ ላስተካክል ብዬ ነው ይላል ለጣሪያው፣ ጣሪያውም አያምነውም። እውነቱን እዚህ ብቻውን ተጋድሞ ያውቀዋል፣ ካርዱ እንዳይመጣ ይፈራል፣ እንዲመጣ ደግሞ የባሰ ይፈራል። ካርዱ ከመጣ ይሄዳል፣ ከሄደ በር ላይ አባቱ ተደግፈው ይቆማሉ፣ ጓደኞቻቸው ተሰብስበዋል፣ ባለ ጋራዡ መጣ ይባላል፣ ፎቶህን ከመኪናዎቹ ጋር አሳየን ይላሉ፣ አንድም መኪና አጠገብ ቆሞ የተነሳው ፎቶ የለም፣ ቢኖርም ጉልበቱ ድረስ እንኳ አይደርሱም። ሊሞቱ ያሉ ሰው ፊት ውሸታም ሆኖ ከመቆም ማሽኑ ቢከለክለኝ ይሻላል ያለ ልብ አለው ማለት ነው። እንዲህ ዓይነት ልጅ። የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል፣ እና ከሁለቱ ፍርሃት የትኛው ይሆን የሚደርሰው፣ ጎኑን ይገለብጣል፣ ጓንቱ አንሶላውን ቫዝሊን ይቀባዋል።

ስልኩ ጮኸ። እህቱ ናት።

“ጋሼ፣ ቀሰቀስኩህ እንዴ?”

“አይ፣ ነቅቻለሁ። ምነው፣ አባባ ምን ሆኑ?”

ምንም አልሆነም አለች፣ እንዲያውም ዛሬ ደህና ነው፣ ተቀምጧል፣ ጢሙን ተላጭቷል፣ ቀጠሮህ ዛሬ መሆኑን ስለሚያውቅ ከጠዋት ጀምሮ ሰዓት ይጠይቃል። ደግሞ አንድ ነገር አለች፣ ሳቅ ብላ፣ የድሮ ጓደኞቹን ጠርቶ ልጄ ሲመጣ ያን አሮጌ ጋራዤን ከፍተን አብረን አንድ መኪና እንቀባለን ብሏቸዋል፣ እነሱም እሺ ብለዋል፣ አንደኛው ማየት የማይችል፣ አንደኛው ምርኩዝ የያዘ። እሱም በሳቅ መለሰላት። ስልኩን ዘግቶ መታጠቢያ ቤት ገባ፣ ቧንቧውን ከፍቶ ቆመ። የሐሙሱን ነገር ለማንም ሊናገር አይችልም። ጣቶቹን ብርሃን ላይ ዘርግቶ አየ፣ አንዳንዱ ላይ ጭረት የመሰለ ነገር አለ፣ አንዳንዱ ላይ የለም።

አውቶቡሱ ውስጥ ጓንት አጥልቆም እጁን ኪሱ ውስጥ አይከትም፣ ኪሱ ይልገዋል ብሎ ይፈራል፣ ብረቱን አይጨብጥም፣ መዞሪያ ላይ ይንገዳገዳል፣ አንዲት አሮጊት ሰካራም መስሏቸው ራቅ አሉ። መጠበቂያ ክፍሉ ውስጥ ቁጥር ያላት ቁራጭ ወረቀት ይዞ ይቀመጣል፣ መቶ አርባ ሁለት፣ ሰሌዳው ላይ መቶ ሠላሳ ስድስት ይላል፣ ወንበሮቹ መሬት ላይ ተቸንክረዋል፣ የተቀመጠው ሁሉ ደብዳቤውን አሥር ጊዜ አጥፎ ይዘረጋል። መቶ አርባ አንድ ቁጥር የያዘው ሰው ከመስኮቱ እያለቀሰ ተመለሰ። የሱ ቁጥር ሲጠራ ጓንቱን አውልቆ ተነሳ። መስኮቱ አራተኛው ነው፣ ሴትዮዋም ያቺው ናት፣ አወቀችው፣ ወይም ማኅደሩን አወቀችው።

አውራ ጣት። ቀይ። ጥረግ። ቀይ። ሴትዮዋ ማኅደሩ ላይ የጻፈችውን መስመር አነበበች፣ እንደገና ቀና ብላ አየችውና በቀስታ፣ እንዲገባው ቃል በቃል፣ ምን ሥራ ነው እንዲህ ያደረገህ አለችው። ካርቶን ሊል አፉን ከፈተ፣ ሌላ ክፍል የሚለው ቃል ፊቱ ላይ መጣበት፣ አባቱ ተላጭተው ተቀምጠዋል፣ ስልኩን አውጥቶ ፎቶውን ከፈተላት፣ ሼቭሮሌዋን። የማን መኪና ናት አለች። መጫወቻ ናት አላት። በስድስት ዓመት ውስጥ ይህን ቃል ድምፅ አውጥቶ ሲናገረው የመጀመሪያው ነበር፣ እሱም በሰው አገር ቋንቋ። አላመነችም፣ ስልኩን ወደ ዓይኗ አስጠጋችው፣ መነጽሯን አወረደች፣ እሱም በእጁ ስንዝር እያሳየ፣ በብርጭቆ ወረቀት፣ በውኃ፣ በጣት፣ እያለ የማሸት ምልክት እያሳየ አስረዳ፣ ከኋላው ያለው ሰልፈኛ ሁሉ ያየዋል፣ እሱ ግን ያኔ ዓለም ቢያየውም ግድ አልነበረውም። ሴትዮዋ ከመሳቢያዋ እርጥብ ጨርቅ አውጥታ ማሽኑን ጠረገች፣ በመስኮቱ ሥር እጇን አሾልካ አውራ ጣቱን ራሷ ይዛ ከጎን ወደ ጎን አንከባለለችው። አረንጓዴ። ሌባ ጣት፣ አረንጓዴ። መሃል ጣት ሦስት ጊዜ ቀይ ካለ በኋላ አረንጓዴ። ሁለቱ ትንንሾቹ ጨርሶ እንቢ አሉ፣ ስምንት ይበቃል አለች፣ ማኅተሙን መታች፣ ካርዱ በስድስት ሳምንት በፖስታ ይደርሳል። የደስታ ነገር እንዲሰማው ጠበቀ። የመጣው ግን ፍርሃቱ ነው፣ አሁን መሄዱ እርግጥ ነው።

ከሕንጻው ወጥቶ አውቶቡስ መጠበቂያው አግዳሚ ላይ ተቀመጠ። አንድ አውቶቡስ አለፈው፣ ሁለተኛው አለፈው። ለማላውቃት ሴትዮ ማኅተም ስለያዘች ብቻ እውነቱን ነገርኳት፣ ለወለደኝ ሰው ስድስት ዓመት ዋሸሁ፣ ይህን እያሰበ ይቀመጣል፣ ስድስት ሳምንት በልቡ ይዞ ሊኖረው አይችልም፣ ደግሞ በር ላይ፣ ሰው ፊት፣ አይ፣ አሁን፣ ድፍረቱ ሳይበርድ። ደወለ። እህቱ አነሳች፣ ለአባባ ስጪልኝ አላት።

“ሃሎ” አሉ አባቱ፣ ትንፋሻቸው ከቃሉ ቀድሞ ደረሰው። “ማሽኑ እንቢ አለ?”

“እሺ ብሏል፣ አባባ። በስድስት ሳምንት ካርዱ ይመጣል።”

“ተመስገን።”

“አባባ፣ አንድ ነገር ልንገርዎት። ጋራዥ የለኝም። ኖሮኝም አያውቅም። መኪናዎቹም መኪና አይደሉም፣ ፕላስቲክ ናቸው፣ መጫወቻ። እኔ መጋዘን ውስጥ ካርቶን ነው የማነሳው።”

መስመሩ ላይ ሳል መጣ፣ ረጅም ሳል፣ እህቱ ውኃ ስታቀርብ ይሰማል፣ እሱ በዚያ ሁሉ ጊዜ ገደልኳቸው፣ ገደልኳቸው እያለ ጥርሱን ነክሶ ይጠብቃል፣ ሦስተኛው አውቶቡስ በሩን ከፍቶ ዘጋ።

“አውቃለሁ” አሉ አባቱ።

በትክክል የሰማ አልመሰለውም።

“የመጀመሪያዋን ያየሁ ዕለት ነው ያወቅሁት። ሼቭሮሌዋን። ቀለሙ ሳይደርቅ ኮፈኗ ላይ አንዲት አቧራ ተይዛለች፣ ባቄላ ታህላለች። አርባ ዓመት ሙሉ ቀለም ውስጥ የገባ አቧራ ስለቅም ኖሬአለሁ፣ ባቄላ የሚያህል አቧራ አይቼ አላውቅም። ሥራዋ ግን ንጹሕ ነበረች።”

“ታዲያ ለምን ዝም አሉኝ?”

“ምን ልበል? አንተ በዓመት ሁለቴ ነበር የምትደውለው፣ ያውም ሒሳቤ ሊያልቅ ነው እያልክ። መኪናዋ ከመጣች ወዲህ አንድ እሑድ አልቀረህም። መጫወቻ ናት ብልህ ታፍራለህ፣ ካፈርክ ትጠፋለህ። ስለ ጋራዡ ለሰዎቹ ያወራሁትን ተወው፣ እኔው እወጣዋለሁ።”

እሱ በጓንቱ ፊቱን ጠረገ። ያ የድሮው ዝምታ መስመሩ ላይ መጥቶ ተቀመጠ፣ የሁለቱም ትንፋሽ ብቻ ይሰማል፣ የአባቱ ፉጨት እንዳለበት፣ እና ስድስት ሳምንት ብለው ሲያጉተመተሙ ሰማቸው፣ እየቆጠሩ ነበር።

“እንግዲህ” አሉ በመጨረሻ፣ ድምፃቸው እህቱ እንዳትሰማ ይመስል ዝቅ ብሎ፣ “እንግዲህ እስክትመጣ ድረስ እሑድ እሑድ ስለ ምን ልንጫወት ነው?”

አባቱ ሲፈሩ ሰምቶ አያውቅም ነበር።